የወንድማማች ልብ ወለድ ጠቁሙኝ (ደሴ ላላችሁም፣ ከደሴ ለራቃችሁም)

የጦሳ ጭጋግ
ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም የወሎ ልጆች። ዛሬ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ አራዳን ውጦታል። መውጣት የለም። ቤት ተቀምጬ ሁለት ወር የታገልኩትን መጽሐፍ ጨረስኩ፤ የጆን ስታይንቤክን «ኢስት ኦፍ ኤደን»። እ.ኤ.አ. በ1952 የታተመ ነው። በእንግሊዝኛ ነው ያነበብኩት። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን መዝገበ ቃላቱ።

ታሪኩ የቃየንና የአቤል ነው። በሁለት ትውልድ ይደገማል፤ መጀመሪያ ኮነቲከት፣ ቀጥሎ ካሊፎርኒያ ላይ። እኔን ግን የያዘችኝ መጀመሪያው አካባቢ ያለች ትንሽ ነገር ናት። አዳምና ቻርልስ የሚባሉ ወንድማማቾች አሉ። ለአባታቸው ልደት ቻርልስ ገንዘብ አውጥቶ ቆንጆ ሰንጢ ይገዛለታል። አዳም ጫካ ያገኘውን ቡችላ ይሰጠዋል። አባት ቡችላውን ወደደው። ሰንጢውን ከነመኖሩም ረሳው። ያ ነገር ቻርልስ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ቆየና አንድ ማታ ወንድሙን ሊገድለው ምንም አልቀረው።

እኛ ቤት ልደት አይከበርም። ነገሩ ግን ገብቶኛል።

አሁን ጥያቄዬ። የአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ወንድማማቾች የት አሉ? ፍቅረኛ ሞልቷል። ሰላይ ሞልቷል። ካድሬ ሞልቷል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ራሱ፣ በዛብህ በስለት የተገኘ አንድ ልጅ ነው፤ ወንድም የለውም። ቤታችን ውስጥ ግን ከወንድም የሚበልጥ ጉዳይ አለ እንዴ? ስንምል «ወንድሜ ይሙት» እንላለን። ለልጅ ስም ስናወጣ «ወንድምአገኘሁ» እንላለን። ታዲያ መጽሐፉ ላይ ሲደርስ የት ጠፋ?

የምታውቁትን ጀባ በሉኝ። የጠየቅኩበት ምክንያት አለኝ። እሱን ሌላ ቀን።


ኮምቦልቻ ፈረቃ
ሰኞ፣ ማታ 4፡15

የሌሊት ፈረቃ ላይ ነኝ፣ ባጭሩ ልንገርህ። የዶስቶየቭስኪን «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» አንብብ። አባትየውን የገደለው ስሜርዲያኮቭ ነው። ከዚህ ወዲያ ልብ አድርገህ ማንበብ ትችላለህ።


ሐይቅ ዳር
ሰኞ፣ ማታ 4፡22

ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? እኔ እኮ መሃሉ ላይ ነኝ!


ኮምቦልቻ ፈረቃ
ሰኞ፣ ማታ 4፡31

እህቴ፣ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1880 ነው ያለቀው። ከ140 ዓመት በላይ ጠብቄሻለሁ።

ደግሞ ምንም አልተበላሸብሽም። የዚያ መጽሐፍ ጉዳይ ማን ገደለ አይደለም። አባትየው፣ ፊዮዶር የሚሉት፣ ለልጆቹ ግድ የሌለው ሰካራም ነው። ዲሚትሪ በሴትና በገንዘብ ከአባቱ ጋር ተናንቋል። በአደባባይ እገድለዋለሁ ብሏል። ኢቫን የተማረው ነው፤ እጁን አያነሳም፣ ግን አባቱ ቢሞት ደስ ይለዋል። ይህንንም ሌላ ሰው እንዲሰማው አድርጎ ነው የሚያስበው። አልዮሻ መነኩሴ ሊሆን ገዳም ገብቶ ነበር፤ ቤት ውስጥ የሚጮኸውን ሁሉ ሰምቷል፣ አላስቆመም። ያ አገልጋያቸው ስሜርዲያኮቭ፣ እሱም የዚያው ሰውዬ ዲቃላ ነው ይባላል፣ የኢቫንን ሆድ አንብቦ ሠራው። ፍርድ ቤት የገባው ግን ዲሚትሪ ነው። ባልሠራው ተፈርዶበት ወደ ሳይቤሪያ።

ታዲያ ወንድሞቹ ምን ያድርጉ? ሊያስመልጡት ያስባሉ። ሃይማኖተኛው አልዮሻ ሳይቀር እሺ ይላል። እኔ እዚያ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ማሽኑን ሳየው ቆየሁ። የእኔ ወንድም ቢሆንስ? አስመልጠዋለሁ። ጠበቃም አልቀጥር።


ሐይቅ ዳር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡50

ይቅር ብዬሃለሁ፣ ግን በቅጡ አይደለም።

የጦሳ ጭጋግ፣ አንድ ነገር ላርምህ። የአማርኛ ልብ ወለድ የተጀመረው በወንድምና በእህት ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»፣ ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1908 የታተመው። ጦቢያና ዋሕድ መንታ ናቸው። አባታቸው በጦርነት ይማረካል። አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። ዋሕድ የዚያን ሰው ውለታ ልክፈል ብሎ ከቤት ይወጣና እሱ ራሱ ለባርያ ፈንጋዮች ይወድቃል። ከዚያ ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው የመልኳን ነገርና ንጉሡን ነው። ጉዞውን ያስነሳው ግን ውለታ ነው። የቤተሰብ ዕዳ።

ሁለተኛ፣ ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ሳያለቅስ የማይጨርሰው መጽሐፍ አለ። የናይጄሪያዊው ቺጎዚ ኦቢዮማ «ዘ ፊሸርመን»፣ እ.ኤ.አ. 2015። አባታቸው ለሥራ ሌላ ከተማ ሲሄድ አራት ወንድማማቾች ተደብቀው የተከለከለ ወንዝ ላይ ዓሣ ማጥመድ ይጀምራሉ። አንድ እብድ ያገኛቸውና ታላቅየውን፣ ኢኬናን፣ «ዓሣ አጥማጅ ይገድልሃል» ይለዋል። ዓሣ አጥማጆቹ ደግሞ እነሱው ናቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ኢኬና ታናናሾቹን በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል። እብዱ የተናገረው ይሁን አይሁን አይደለም ነገሩ። ታላቅ ወንድም ታናሹን ፈራ፣ አለቀ።

እኛም ከትምህርት ቤት እየጠፋን ቆሮሶ ስናጠምድ ታላቅ ወንድሜ ነበር የሚገረፍልኝ። «እኔ ነኝ የወሰድኳት» ይላል። እብድ አልመጣብንም፣ ተመስገን።


መምህር ከወረኢሉ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። ወንድማማች ፍለጋ ካሊፎርኒያና ሩሲያ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? እግራችሁ ሥር ያለውን ልንገራችሁ።

አንደኛው ላስታ ነው። ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው። ስሙም ከዚያ መጣ፤ ንብ ንግሥናውን አወቀለት ለማለት። ታላቅ ወንድሙ ሐርቤ ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል፣ ያ የንብ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳው። ገድሉ እንደሚለው እህታቸው ሳትቀር መርዝ አቀመሰችው። ላሊበላ ተሰደደ። ይህን የውጭ ደራሲ ቢያገኘው በደም ይጨርሰዋል። የእኛው አጨራረስ ሌላ ነው። ሐርቤ ራሱ ወደ ወንድሙ ሄዶ ዘውዱን አስረከበ። ከላሊበላ በኋላ የነገሠው ነአኵቶ ለአብ ደግሞ የሐርቤ ልጅ ነው ይባላል። ዕዳው ተመለሰ ማለት ነው። እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን የተጻፈው አይደለም። ሐርቤ ወደ ወንድሙ ሲሄድ መንገድ ላይ ምን አሰበ? ያንን የጻፈ የለም። ልብ ወለድ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው።

ሁለተኛው አምባሰል ነው። አሁን በየዓመቱ መስከረም 21 ለንግሥ የምንወጣባት ግሸን፣ ያቺ የመስቀል ቅርጽ ያላት አምባ፣ ድሮ የነጋሢ ወንድሞች የሚጋዙባት ነበረች። አንዱ ሲነግሥ ወንድሞቹና የወንድሞቹ ልጆች እዚያ ይወጣሉ። ዙፋን እንዳይሻሙ ነው። ንጉሡ ሲሞት ደግሞ ከዚያው አንዱን ያወርዳሉ። ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1434 ለመንገሥ የወረደው ከዚያ ነው። እስቲ አስቡት። ወንድምህን ትወደዋለህ፣ ስለምትወደው አትገድለውም፣ ስለምትፈራው ደግሞ ገደል ላይ ታስቀምጠዋለህ። ምግቡን ትልክለታለህ።

ስለ ስታይንቤክ አንዲት ነገር ልጨምር። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሊ የሚባለው ቻይናዊ በአንድ የዕብራይስጥ ቃል ይጨነቃል። እግዚአብሔር ለቃየን ስለ ኃጢአት የተናገረው ነው። አንዱ ትርጉም «ታሸንፋታለህ» ይላል፣ ተስፋ ነው። ሌላው «አሸንፋት» ይላል፣ ትእዛዝ ነው። እሱ የደረሰበት «ትችላለህ» የሚል ነው። ምርጫው የአንተ ነው ማለት። የእኛን አማርኛ ኦሪት ዘፍጥረት 4፥7 ግለጡ። «አንተ ግን በእርስዋ ንገሥባት» ይላል። ትእዛዝ ነው። ግን ቃሉን እዩት፤ «ንገሥ»። የንግሥና ቃል ነው የተሰጠው፣ ያውም ወንድሙን ለሚገድል ሰው። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ሳስተምር ይህን ልብ ያልኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።


የጦሳ ጭጋግ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡05

መምህር፣ እድሜ ይስጥልን። አሁን መጽሐፉን እንደገና ላነበው ነው። አንቱ ካስተማሩኝ እንግሊዝኛው ባላስቸገረኝ።


ወልድያ ነኝ
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡10

ምሳ ሰዓት ላይ ነኝ፣ አዲስ አበባ። መምህር ያነሱት የግሸን ነገር እንግሊዝ አገር ልብ ወለድ ሆኗል። ሳሙኤል ጆንሰን «ራሰላስ» የሚል መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1759 አሳትሟል። የአቢሲኒያ ንጉሥ ልጆች በአማራ ምድር፣ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶባቸው ይኖራሉ። ምቾቱ አይጣል ነው። አራተኛው ልጅ ራሰላስ ምቾቱ አንገሸገሸውና ከእህቱ ከነቃያህ ጋር ተራራውን ፈልፍለው ወጥተው ካይሮ ይገባሉ። ጆንሰን አገራችንን አላያትም። የፖርቱጋላዊውን የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ግን ተርጉሞ ነበር። ያን ልብ ወለድ በአንድ ሳምንት፣ ማታ ማታ ጻፈው፤ የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን ነው ይባላል። ስለ ቤተሰብ እስር ቤት ለእናት ቀብር መጻፍ! አጀብ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ስለ እኛ ወንድማማቾች የተጻፉ ጥሩ ልብ ወለዶች አሉ፣ ግን በእንግሊዝኛ ናቸው። የመዓዛ መንግሥቴ «ቢኒዝ ዘ ላየንስ ጌዝ»፣ እ.ኤ.አ. 2010። የአብዮቱ ሰሞን፣ አዲስ አበባ። አባትየው ሐኪም ነው፤ ኃይሉ። ታላቁ ልጅ ዮናስ ዝምተኛ፣ የሚጸልይ፣ ሚስትና ልጅ ያለው። ታናሹ ዳዊት ለትግል የወጣ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ልክ ናቸው። ዮናስ ዝም የሚለው ፈሪ ስለሆነ ነው ብለህ ትጀምራለህ። ቀስ እያልክ ዝምታው ቤቱን ያቆመው ምሰሶ እንደሆነ ይገባሃል።

የአብርሃም ቨርጊስ «ከቲንግ ፎር ስቶን» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ደራሲው ከህንድ ቤተሰብ አዲስ አበባ የተወለደ ሐኪም ነው። ማሪዮንና ሺቫ መንታ ናቸው፤ ጭንቅላታቸው ተያይዞ ነው የተወለዱት። ሺቫ ማሪዮን የሚወዳትን ልጅ ይነካበታል። ማሪዮን ለዓመታት ይቅር አይለውም። በኋላ ግን ማሪዮን አሜሪካ ውስጥ በጉበት ሊሞት ሲል የራሱን ጉበት ከፍሎ የሚሰጠው ማን ነው? ሺቫ። መጨረሻውን አልነግራችሁም፣ እኔ እንደ ኮምቦልቻው አይደለሁም።

በአማርኛስ? በበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» የዋናው ገጸ ባሕርይ የአበራ ታላቅ ወንድም አለ። ሥራህን ያዝ፣ ሰው ሁን እያለ የሚወተውተው። ግን ዳር ላይ ነው የቆመው። እንዲህ ይመስለኛል፦ ስለ ወንድምህ እውነቱን ስትጽፍ እናትህ በማታነበው ቋንቋ ትጽፋለህ።


ኮምቦልቻ ፈረቃ
ማክሰኞ፣ ቀን 9፡00

የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ልክ ናት። ሌላውን ስድብ ግን መዝግቤያለሁ።


ባቲ ሰኞ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ጅዳ ነኝ፣ የባቲ ልጅ። ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ የማነበው ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው፣ በስልክ።

ሁላችሁም ስትጽፉ ሳይ ቆየሁ። ወንድም፣ ወንድም፣ ወንድም። እህትስ? ሐይቅ ዳር ጦቢያን ስታነሳ ብቻ ነው ልቤ የተመለሰው። ወላሂ የእኔ ታሪክ ነው። እንደ ወንድ ሱሪ አልለበስኩም እንጂ ለወንድሞቼ ስል ነው ከቤት የወጣሁት። ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንዱ በእኔ ገንዘብ ባጃጅ ገዛ። አንዱ ኮሌጅ ጨረሰ። ሁለቱም ጥሩ ልጆች ናቸው፣ አላማቸውም። ግን ስለ ቤቱ ሲመካከሩ እኔን የሚጠሩኝ ብሩ ሲጎድል ነው።

የወንድማማች ታሪክ ካልክ የመጀመሪያው የዩሱፍ ነው። ቁርኣን ውስጥ 12ኛው ሱራ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእሱ ታሪክ። ክርስቲያኖቹም አላችሁ፣ ዮሴፍ ትሉታላችሁ። አያቴ ቡና ላይ ስታወራው ክርስቲያን ጎረቤታችን እያስቆመች «የእኛው እዚህ ላይ እንዲህ ነው» ትላት ነበር። ሁለቱ ተከራክረው ሦስተኛው ረከቦት ይነሳል።

እኔ የምወደው ዋንጫውን ከታናሹ ስልቻ ሲያወጡት ነው። ወንድሞቹ «ከእኛ አንዱን በእሱ ቦታ ያዝ» ይላሉ። እነዚያው ናቸው እኮ ዩሱፍን ጉድጓድ የጣሉት። ያኔ አንዱን ወንድም ሸጡ። አሁን ለሌላው ራሳቸውን ሊሰጡ ተነሱ። ዩሱፍም የጠበቀው ይህንኑ ይመስለኛል። በመጨረሻ «ዛሬ ወቀሳ የለባችሁም» ይላቸዋል። ለእኔ ይህ የሚባለው መቼ ነው እያልኩ አነባለሁ። ወይስ እኔ ነኝ የምለው?


ሐይቅ ዳር
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡48

እህቴ፣ ጻፊው። ሀቂቃ፣ ጻፊው። ሰንጢ ከገዛው ልጅ ታሪክ አያንስም።


መምህር ከወረኢሉ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

ልጄ፣ የአያትሽንና የጎረቤቷን ክርክር ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። ወሎ ውስጥ ስንት ቤት ነው አንዱ ወንድም መስጊድ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት። እሱ ራሱ ልብ ወለድ ነው፣ ግን ጠብ ስለሌለበት ማንም አይጽፈውም። ደራሲ ጠብ ይወዳል።

ኮምቦልቻ ፈረቃ ግን «አስመልጠዋለሁ» ያልከውን በነጋታውም አልተውኩትም። ወንድምህ ያልሠራውን ቢፈረድበት ልክ ነህ። ቢሠራውስ?

አንድ ተማሪ ነበረኝ። ስሙ ደመላሽ። ደመላሽ የሚባል ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ቃሉን ግን ማንም አያዳምጠውም። ደም የሚመልስ ማለት ነው። የዚህ ልጅ አባት የተገደለው እሱ በእናቱ ሆድ ሳለ ነው። ስሙን ያወጣለት ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ሲደርስ ልጁ ቢሮዬ መጥቶ «መምህር፣ ስሜን ቀይረው ይጻፉልኝ» አለኝ። ለምን አልኩት። «ይህን ስም ይዤ ኮሌጅ ብገባም ወንድሜ አይለቀኝም» አለ። አልቀየርኩለትም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ዛሬም ድረስ ሕጉን ይሁን ወንድምየውን የፈራሁት አላውቅም።

ደግነቱ እኛ ጋ አበጋር አለ። ለማታውቁት፣ አበጋር ማለት ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሰማቸዋል። የገዳይና የሟች ወገን ተቀመጠ፣ ካሳ ተቆረጠ፣ ተማለ። ታላቅ ወንድምየው በመጨረሻ ተነስቶ ሲምል እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከፋው እንጂ ደስ አላለውም። አሥራ አምስት ዓመት የተሸከመውን አውርድ ሲሉት ምን ይያዝ? ታማኝነት ልማድ ይሆናል። ደመላሽ ዛሬ ጫማ ይሸጣል። ስሙ ያው ነው።


ኮምቦልቻ ፈረቃ
ረቡዕ፣ ቀን 8፡40

መምህር፣ አሁን ከፈረቃ ወጥቼ ነው ያነበብኩት። ቢሠራውም አስመልጠዋለሁ ልል ነበር፣ እጄ ቁልፉ ላይ ቆመ። ለአሁኑ ይለፉኝ።


የጦሳ ጭጋግ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡15

ምክንያቱን ሌላ ቀን ያልኩት ዛሬ ይሁን። ባቲ ሰኞ ከጻፈችው በኋላ ዝም ማለት ደበረኝ።

አባቴ የሞተው እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አያዬ፣ ታላቅ ወንድሜን ነው፣ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበር። በዚያው ሳምንት አቆመ። መናኸሪያ ጭነት ጫነ። ከዚያ በጅቡቲ በኩል፣ በባሕር፣ ሳውዲ። ሁለት ጊዜ ተይዞ ተመለሰ፤ ሁለት ጊዜ ሄደ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በእሱ ትከሻ ነው። የመጀመሪያ ጫማዬን የላከልኝ እሱ ነው፣ ሁለት ቁጥር ይበልጠኝ ነበር። «ታድግበታለህ» አለ። እውነቱን ነው፣ አደግኩበት።

እህታችን ከእኛ መካከል ናት። እሷም ሄደች። ግቢው ውስጥ ያሉትን አራት የሚከራዩ ክፍሎች የሠራችው እሷ ናት። ደረሰኝ የለም፣ ውል የለም። የቤቱ ካርታ በአባቴ ስም ነው።

አያዬ አሁን ተመልሷል። ጀርባው ታሟል። ቤቱን ሸጠን ሱቅ እንክፈት፣ እናታችን ከእኔ ጋር ትኖራለች ይላል። ለውርስ ማረጋገጫው እኔ እንድፈርም ይፈልጋል። እህታችን እንዳልተነገራት አውቃለሁ። እሱም እንደማውቅ ያውቃል። ግን ፊት ለፊት አላለኝም። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ስትመቸህ» ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ስለ ዝናብ ነው የምናወራው።

እምቢ ብለው የትኛውን ብድር ከፈልኩ? እሺ ብለው የእህቴን ዘጠኝ ዓመት ማን ይቆጥረዋል? (ባቲ ሰኞ፣ የእሷም ዘጠኝ ዓመት ነው። ለዚያ ነው ስትጽፊ የደነገጥኩት።) ለዚህ ነው ስለ ወንድማማች መጽሐፍ የጠየቅኳችሁ። መልስ ፍለጋ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው እዚህ ቦታ ቆሞ ያውቅ እንደሆነ ለማየት።


ወልድያ ነኝ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡40

ወንድሜ፣ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን ወራሹ ሦስታችሁም ናችሁ፣ እናታችሁም አለች። እሷን ሳትጠሩ የምትፈርሙት ወረቀት ነገ ፍርድ ቤት ያገናኛችኋል። መጀመሪያ ሰው አማክሩ።


ባቲ ሰኞ
ረቡዕ፣ ማታ 4፡05

አንተ ልጅ፣ እህትህን አላውቃትም ግን አውቃታለሁ። የሚያናድዳት ቤቱ አይደለም። ቤቱ ይሸጥ፣ ጀርባው ለታመመ ወንድሟ ነው፣ ራሷም ትል ነበር። የሚያናድዳት ከጎረቤት መስማቷ ነው። እኔ የባጃጁን ነገር የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ወቀሳ የለባችሁም ለማለት እኮ መጀመሪያ ሊነግሯት ይገባል። የዩሱፍ ወንድሞችም ፊቱ ቆመው «አጥፍተናል» ብለዋል።

አትፈርም። አያህን ደግሞ አትስደብ።


መምህር ከወረኢሉ
ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡10

ልጄ፣ ሽማግሌ ከመጥራትህ በፊት አንድ ጊዜ ሁለታችሁ ብቻ ተቀመጡ። ሽማግሌ ሲገባ ነገሩ ስም ያገኛል፤ «የእነ እገሌ ጠብ» ይባላል። አሁን ገና ስም የለውም።


የጦሳ ጭጋግ
ዓርብ፣ ማታ 3፡00

ተቀመጥን። እናቴ ቡና አፈላች፣ ነገሩ እንዳለ ገብቷት ከአቦሉ በኋላ ጎረቤት ጠሩኝ ብላ ወጣች። ማንም አልጠራትም።

ስለ ወረቀቱ መጀመር አቃተኝ። ምን እንዳወራሁ ታውቃላችሁ? የሰንጢውንና የቡችላውን ታሪክ ነገርኩት። አያዬ መጽሐፍ አያነብም፣ ሲነግሩት ግን ጥሩ ይሰማል። አባትየው ቡችላውን ወደደ፣ ሰንጢውን ረሳ ስለው ዝም አለ። ይገባው ይሆናል፣ እሱ ሰንጢ ገዢው ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። ይቅርታ ልለው ተዘጋጅቼ ነበር።

«ቡችላውን ማን አበላው?» አለኝ።

አልገባኝም። «እንዴት?»

«አባትየው ወደደው። ቡችላ ግን ይበላል። በየቀኑ የሚያበላው ሰው አለ። ማን ነው?»

መጽሐፉ ውስጥ ይህ ትዝ አላለኝም። አላውቅም አልኩት። ሲኒውን አስቀምጦ ወደ ግቢው፣ ወደ አራቱ ክፍሎች ተመለከተ። ብዙ ቆየ። ከዚያ «ያቺ ልጅ መቼ ነው የምትደውለው?» አለ። እህታችንን ነው። ዘወትር ዓርብ ነው የምትደውለው፤ ዛሬ ግን አሠሪዎቿ እንግዳ ስላለባቸው ለነገ አዙራዋለች።

ወረቀቱ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። የስኳር ዕቃ ተቀምጦበታል።


ኮምቦልቻ ፈረቃ
ዓርብ፣ ማታ 3፡25

አያህ ካራማዞቭን ያንብብልን። መጨረሻውን አልነግረውም።


ባቲ ሰኞ
ዓርብ፣ ማታ 4፡50

ነገ ስትደውል ስልኩን ላውድ ላይ አድርጉት። እናትህም እዚያው ትሁን፣ ጎረቤት አትላኳት።